የጅማ ቡና እና የሥራ ሒሳብ

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ዐረቢካ ቡና ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። ጎማ፣ ጌራ፣ ሊሙ፣ ማናና ጉማይ የሚባሉት የጅማ ዙሪያ አገሮች ለተክሉ የሚስማማ ከፍታ፣ ዝናብና ጥላ አላቸው። ከዚህ ወገን ደኖች የወጣው ቡና ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የየመን ሱፊዎች መጠጥ ሆነ። በአገሩ ግን ሰው ፍሬውን ከደን ለቅሞ፣ በፀሐይ አድርቆ፣ በሙቀጫ ወቅጦ ሲጠቀምበት ኖሯል።

ከዛፉ እስከ ሲኒው ድረስ ቡና የሚያልፍበት እያንዳንዱ ደረጃ ኢነርጂ ይጠይቃል። ኢነርጂ ሥራ የመሥራት ችሎታ ነው። ሥራ ደግሞ በፊዚክስ ጠባብና ቁርጥ ያለ ትርጉም አለው፤ አንድ ኃይል አንድን ነገር ሲያንቀሳቅስ፣ ኃይሉ በራሱ አቅጣጫ በተሄደው ርቀት ተባዝቶ የሚገኘው ልክ ሥራ ይባላል። የሥራም የኢነርጂም መለኪያ ጁል ነው። አንድ ኪሎ ቡና ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ ማድረግ 9.8 ጁል ሥራ ነው። ይህ መለኪያ ከመፈጠሩ ከብዙ ዘመን በፊት የጅማን ቡና ኢነርጂ በዋናነት የሚከፍሉት ሦስት ነበሩ፤ ፀሐይ፣ እንጨትና የሰው ክንድ።

ከሦስቱ ቀድማ የምትከፍለው ፀሐይ ናት። ከ100 ኪሎ እሸት ቡና ውስጥ 65 ኪሎ ያህሉ ውሃ ነው። ፍሬው ጀንፈል እስኪሆን፣ ማለትም እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ እስኪወርድ ድረስ፣ 60 ኪሎ ያህል ውሃ ተንኖ መውጣት አለበት። አንድ ኪሎ ውሃ ለማትነን 2.4 ሚሊዮን ጁል ገደማ ስለሚያስፈልግ ድምሩ ከ140 ሚሊዮን ጁል ይበልጣል። ይህን ሙቀት በእሳት ማምጣት ቢያስፈልግ፣ አንድም ብልጭታ ሳይባክን፣ ወደ 10 ኪሎ ደረቅ እንጨት ይነድ ነበር። ፀሐይዋ ግን በጠራ ቀን በአንዲት ካሬ ሜትር መሬት ላይ ወደ 20 ሚሊዮን ጁል ታፈስሳለች። ገበሬው ፍሬውን አስጥቶ እያገላበጠ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት የሚጠብቀው ይህን ክፍያ ነው።

የክንዱ ድርሻ በሌላ ወገን ይታያል። 4 ኪሎ የሚመዝን ዘነዘና ግማሽ ሜትር ከፍ ሲል 20 ጁል ያህል ሥራ ይሠራል። ያ ሥራ በዘነዘናው ውስጥ እምቅ ኢነርጂ ሆኖ ይቀመጣል፤ ሲለቀቅ ወደ እንቅስቃሴ ኢነርጂ ይለወጣል፤ ሙቀጫው ውስጥ ሲያርፍ ፍሬውን ይሰብራል፣ ድምፅ ያወጣል፣ ጥቂት ያሞቃል። ሁለት መቶ ጊዜ ቢወቀጥ 4,000 ጁል አይሞላም። አሁን ጀበናውን እንመልከት። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ እዚያ እስኪደርስ 310,000 ጁል ያስፈልገዋል፤ ይህም ከውቀጣው ሥራ ሰባ ሰማንያ እጥፍ መሆኑ ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ ደግሞ ከእንጨቱ ሙቀት ለሸክላው የሚደርሰው ከአሥር እጅ አንዱ ወይም ከዚያ ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ የቀረው ለአየሩ ይሄዳል። ወቃጯን ላብ የሚያጠምቃት ሥራ በጁል ሲቆጠር ትንሽ ነው፤ ማንም ልብ የማይለው እሳት ግን እጅግ ብዙ ይበላል። ድካምና ኢነርጂ አንድ እንዳልሆኑ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል፤ ከዚህ በታች ያለው ታሪክም ይህንኑ ልዩነት ደጋግሞ ያሳያል። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የአውሮፓ ሊቃውንት ይህን ሒሳብ ለመያዝ ረጅም ጊዜ ወስዶባቸዋል። በ1790ዎቹ ካውንት ረምፎርድ የተባለው አሜሪካ ተወልዶ ባቫሪያን ያገለግል የነበረ ሰው፣ ሙኒክ ውስጥ የመድፍ አፈሙዝ ሲቦረቦር ብረቱ እንዴት እንደሚግል አስተዋለ። መሣሪያውን የሚያዞሩት ፈረሶች ነበሩ። ሆን ብሎ የደነዘ መቦርቦሪያ አስገባ፣ አፈሙዙን በውሃ ከበበው፣ ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ውሃው ያለ እሳት ፈላ። በዚያ ዘመን ሙቀት ከነገሮች ውስጥ የሚወጣ የማይታይ ፈሳሽ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ረምፎርድ ግን ፈረሶቹ እስከዞሩ ድረስ የማያልቅ ነገር ፈሳሽ ሊሆን አይችልም አለ፤ ሙቀት የእንቅስቃሴ ውጤት ነው ብሎ ደመደመ። ይኸው ሰው ቡና አጥብቆ የሚወድ፣ የቡና ማጣሪያ ማንቆርቆሪያ የነደፈና በ1812 ስለ ቡና ጥቅም ድርሰት ያሳተመ መሆኑ ለዚህ ታሪክ የተገባ አጋጣሚ ነው።

በ1829 ፈረንሳዊው ጋስፓር ኮሪዮሊስ ስለ ማሽኖች በጻፈው መጽሐፍ ኃይል በርቀት ተባዝቶ የሚገኘውን ልክ "ሥራ" ብሎ ሰየመው። የእንቅስቃሴ ኢነርጂም የነገሩ መጠነ ቁስ በፍጥነቱ ካሬ ተባዝቶ፣ ከዚያ ለሁለት ተከፍሎ እንደሚለካ አጸና። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኢነርጂው አራት እጥፍ የሚሆነው ለዚህ ነው።

በዚያው ዘመን፣ በ1830ዎቹ፣ ቀዳማዊ አባ ጅፋር ከግቤ ወንዝ በስተ ምዕራብ የጅማን መንግሥት አጠናከሩ። ከጅሬን ኮረብታ ግርጌ ያለው የሂርማታ ገበያ የመንግሥቱ የንግድ እምብርት ሆነ። ሐሙስ ሐሙስ ከየአቅጣጫው ሕዝብ ይጎርፍበት ነበር፤ ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይለዋወጡበታል። ሰውም ይሸጥበት ነበር። ይህ ሊደበቅ የማይገባው የታሪክ ክፍል ነው፤ ሞተር ባልነበረበት ዓለም ጉልበት የሚገኘው በዋናነት ከጡንቻ ስለነበረ፣ በብዙ አገር ኃያላኑ ጉልበትን የሚፈልጉት ሰውን በመግዛት ነበር።

ቡናው ከሂርማታ ተነሥቶ በሲራራ ነጋዴዎች በቅሎ ላይ ይጫናል። ጀበርቲዎችና ሌሎች ነጋዴዎች በጎጃም አድርገው ወደ ሰሜን፣ እስከ ምፅዋ ወደብ የሚዘልቀውን መንገድ ይመሩት ነበር። ክረምት ሲገባ ግቤ ስለሚሞላ ሲራራው ይቆማል።

የበቅሎዋን ሥራ መቁጠር ተማሪን ግራ የሚያጋባ ጥያቄ ያመጣል። በለጥ ባለ ሜዳ ላይ ስትሄድ ጭነቱን የሚደግፈው ኃይል ወደ ላይ ነው፤ ጉዞዋ ግን ወደ ጎን ነው። ኃይሉ በራሱ አቅጣጫ የሄደው ርቀት ዜሮ ስለሆነ በጭነቱ ላይ የተሠራው ሥራም ዜሮ ነው። ታዲያ በቅሎዋ ለምን ትደክማለች? በየእርምጃው ሰውነቷ ጥቂት ከፍና ዝቅ ይላል፤ እግሯ ይፈጥናል፣ ይቆማል፤ ጭቃው ይይዛታል፤ ጡንቻዋ ዝም ብሎ ሸክም ለመደገፍ እንኳ ምግብ ያቃጥላል። ይህ ሁሉ ኢነርጂ በመጨረሻ ሙቀት ሆኖ ከገላዋ ይወጣል። ላቧ የዚያ ምስክር ነው።

የበቅሎ ጡንቻና ሙቀት አንድ መዝገብ ላይ የሚጻፉ መሆናቸውን ዓለም የተረዳው በ1840ዎቹ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ዩሊዩስ ሮበርት ማየር በ1840 የመርከብ ሐኪም ሆኖ፣ ያን ጊዜ ደቾች ቡና ያስተክሉባት ወደነበረችው ጃቫ ሄዶ ነበር። በሞቃቱ አገር የመርከበኞቹ የደም ሥር ደም ከለመደው ይልቅ ደማቅ ቀይ ሆኖ አገኘው። ሰውነት ራሱን ለማሞቅ የሚያቃጥለው ምግብ ስለቀነሰ ነው ብሎ አሰበ፤ ከዚያም በ1842 ሙቀትና ሥራ አንዱ ወደ ሌላው የሚለወጡ ናቸው የሚል ጽሑፍ አወጣ። በእንግሊዝ የቢራ ጠማቂ ልጅ የሆነው ጄምስ ጁል ይህንኑ በመለካት አረጋገጠ። ክብደት ያላቸው ነገሮች በገመድ ቀስ ብለው ሲወርዱ ውሃ ውስጥ ያለ መቅዘፊያ ያዞራሉ፤ ውሃው ይሞቃል። የወረደው ክብደት በከፍታው ተባዝቶ ከሙቀቱ ጋር ሲነጻጸር ውጤቱ ሁልጊዜ ያው ነው፤ አንድ ግራም ውሃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ ዛሬ በምንጠቀምበት ልክ 4.2 ጁል ያህል ያስፈልጋል። ጁል ከዚህ ተነሥቶ ከፏፏቴ በታች ያለ ውሃ ከላዩ ትንሽ መሞቅ እንዳለበት ተናገረ። በ1847 ሄርማን ሄልምሆልትዝ ነገሩን ወደ ጠቅላላ ሕግ አደረሰው፤ ኢነርጂ መልኩን ይለውጣል እንጂ አይፈጠርም፣ አይጠፋም። የበቅሎዋ ገብስና ሣር፣ የወጣችው ዳገትና የላበችው ላብ ተደምረው ይገናኛሉ ማለት ነው።

በ1878 ዳግማዊ አባ ጅፋር ገና ወጣት ሳሉ በጅማ ነገሡ። በ1880ዎቹ ለምኒልክ ገብረው የአገራቸውን ውስጣዊ አስተዳደር ጠብቀው ቆዩ፤ ሰላም ስለነበረ ንግዱ ደራ። 1889 ለጅማውም ለፊዚክሱም ታሪክ የማይረሳ ዓመት ነው፤ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆኑ፣ ጄምስ ጁል ሞተ፣ በዚያው ዓመት ፓሪስ ላይ የተሰበሰበ ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ጉባኤ ጁልንና ዋትን በመለኪያነት ተቀበለ። ዋት የአቅም መለኪያ ነው። አቅም ማለት ሥራው ምን ያህል በፍጥነት እንደተሠራ ነው፤ በአንድ ሴኮንድ አንድ ጁል አንድ ዋት ይባላል። ስያሜው የመጣው ከስኮትላንዳዊው ጄምስ ዋት ነው፤ እሱ ራሱ በዘመኑ የእንፋሎት ሞተሮቹን ለመሸጥ ከፈረስ ጋር ያነጻጽራቸው ነበር። አንድ የፈረስ ጉልበት ዛሬ 746 ዋት ተብሎ ይቆጠራል።

አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ የጅማ ቡና ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ አዲሲቱ ዋና ከተማ አዘነበለ። መንገዱ ከጅማ ተነሥቶ በሰርቦና በአሰንዳቦ ያልፋል፤ አበልቲ ላይ ወደ ግቤ ሸለቆ ይወድቃል፤ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ወልቂጤ ይወጣል። የሸለቆው ወለል በ1,100 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን ወልቂጤ ከ1,900 ሜትር በላይ ናት። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነውና 5 ፈረሱላ፣ ማለትም 85 ኪሎ ቡና የተጫነች በቅሎ ትወሰድ። 800 ሜትሩን ዳገት ስትወጣ በጭነቱ ላይ የሚሠራው ሥራ 666,000 ጁል ያህል ነው። ይህ ለማመን ያስቸግራል፤ ሁለት ሊትር ውሃ ለማፍላት ከሚበቃው ሙቀት ብዙም አይበልጥም። የራሷ ክብደት 250 ኪሎ ቢሆን ደግሞ ገላዋን ለማውጣት ወደ 2 ሚሊዮን ጁል ትጨምራለች። በሦስት ሰዓት ከወጣችው አቅሟ 240 ዋት ገደማ ነው፤ የዋት ፈረስ ሲሶ። ዋት የሚሸጠውን ማሽን ከብርቱ ፈረስ ጋር ስላነጻጸረ በቅሎዋ የምታፍርበት ቁጥር አይደለም።

ከጅማ እስከ አዲስ አበባ ያለው የከፍታ ልዩነት 600 ሜትር ያህል ብቻ ነው። እምቅ ኢነርጂ የሚወሰነው በመነሻና በመድረሻ ከፍታ ስለሆነ፣ ቡናው አዲስ አበባ ሲደርስ ያተረፈው በአንድ ጭነት 500,000 ጁል አይሆንም። ሲራራው ግን የከፈለው ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ነው። አበልቲ ላይ ቁልቁል የወረደችው በቅሎ ያጣችውን እምቅ ኢነርጂ ለወልቂጤ ዳገት አታስቀምጠውም፤ በጉልበቷና በኮቴዋ ሰበቃ ሙቀት ሆኖ ይጠፋባታል። ዳገቱን እንደገና ከሆዷ ትከፍላለች። የግቤ ሸለቆ ለጅማ ንግድ ለዘመናት እንቅፋት የሆነው በርቀቱ ሳይሆን በዚህና በክረምት ሙላቱ ምክንያት ነው።

የምድር ባቡሩ በ1902 ከጅቡቲ ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ በኋላ የጅማ ቡና ሁለት ዓይነት ኢነርጂ ይጋልብ ጀመር፤ እስከ አዲስ አበባ የበቅሎ፣ ከአዲስ አበባ ወዲያ የእንፋሎት። ከ2,300 ሜትር ከፍታ ወደ ባሕር የሚወርደው ቡና ለሎኮሞቲቩ ቀላል ጭነት ነበር፤ ከባሕር ወደ ላይ የሚወጣው ብረትና ጨርቅ ነው ብዙ እንፋሎት የሚበላው።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ ጅማ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ሙሉ በሙሉ ገባች። በ1935 የጣሊያን ወረራ ተጀመረ። ወራሪው ለጦሩና ለምዝበራው ሲል የአዲስ አበባ ጅማን የመኪና መንገድ አወጣ፤ ሂርማታም አጠገቧ በተሠሩት አዳዲስ ሕንጻዎች መልኳ ተለወጠ። በ1941 ጣሊያኖች የኦሞን፣ ማለትም የታችኛውን ግቤ፣ መሻገሪያ አጥብቀው ተከላከሉ፤ ጅማ ነጻ የወጣችው በዚያው ዓመት ሰኔ ውስጥ ነው። መንገዱ ቀረ፤ ሲራራው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለከባድ መኪና ቦታውን ለቀቀ።

ከነጻነት በኋላ በነበሩት ዐሥርት ዓመታት የቡና ዋጋ ሲንር መንገዱ ላይ ፊያቶች በዙ፤ በኋላም ሾፌሮች "ኤን ትሬ" የሚሉት መኪና የአገሪቱ ጎዳናዎች መለያ ሆነ። ከነጭነቱ 15 ቶን የሚመዝን መኪና ከግቤ ድልድይ ወደ ወልቂጤ ሲወጣ ከስበት ጋር የሚሠራው ሥራ ወደ 118 ሚሊዮን ጁል ነው። በ40 ደቂቃ ከወጣ 49,000 ዋት፣ ማለትም 66 የፈረስ ጉልበት ለዳገቱ ብቻ ይሄዳል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 36 ሚሊዮን ጁል ያህል ይሰጣል። ሞተሩ ግን ወደ ጎማ የሚያደርሰው ሲሶውን ነው፤ የቀረው በራዲያተርና በጭስ ይወጣል። ይህ የመካኒክ ጉድለት አይደለም። ፈረንሳዊው ሳዲ ካርኖ በ1824 እንዳሳየው ሙቀትን ወደ ሥራ የሚለውጥ ማንኛውም ሞተር ከሙቀቱ ከፊሉን ለቀዝቃዛው ወገን መልቀቅ ግዴታው ነው። ስለዚህ ያቺ ዳገት ብቻ 10 ሊትር ያህል ናፍጣ ትጠጣለች።

ቁልቁለቱ የባሰ ነው። ያው 118 ሚሊዮን ጁል ወደ ታች ሲወርድ የሆነ ቦታ መግባት አለበት። ሾፌሩ ዝም ብሎ ቢለቀው ወደ ፍጥነት ይለወጣል፤ በፍሬን ብቻ ቢይዘው ሁሉም ፍሬኑ ላይ ሙቀት ይሆናል። ከ350 ሊትር በላይ ውሃ ማፍላት የሚችል ሙቀት በጥቂት ኪሎ ብረትና ሸራ ላይ ሲከማች ሸራው ይነዳል፣ መያዝ ያቆማል። ልምድ ያላቸው ሾፌሮች ማርሽ ቀንሰው የሚወርዱት ሞተሩ ራሱ ተቃውሞ እንዲሰጥና ሙቀቱ በራዲያተሩ እንዲወጣ ነው። የኮሪዮሊስ ሕግ እዚህ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል፤ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚወርድ መኪና በ40 ከሚወርደው አራት እጥፍ የእንቅስቃሴ ኢነርጂ ይይዛል፤ ለመቆምም አራት እጥፍ ርቀት ይፈልጋል።

ትምህርትና ማሽን ጅማ የገቡት በተቀራራቢ ጊዜ ነው። በ1952 የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። በ1960ዎቹ መልኮ ላይ የቡና ምርምር ማዕከል ተመሠረተ። በከተማውና በአጋሮ የቡና መቀሸሪያዎች ተተከሉ፤ ጀንፈሉን እያሹ ገለባውን ከፍሬው የሚለዩ፣ በናፍጣ ወይም በኤሌክትሪክ ሞተር የሚዞሩ። ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ጤናማ ሰው የሚያወጣው አቅም 75 ዋት ያህል ነው። 15 ኪሎ ዋት የሆነ ሞተር የ200 ሰው ክንድ ይተካል። መጋዘን ውስጥ ተቀምጠው ጥቁሩንና የተነቀዘውን ፍሬ የሚለቅሙትን ሴቶች ግን ብዙ ዘመን የተካቸው ሞተር አልነበረም። አንዲት ፍሬ ማንሣት በጁል ሲቆጠር ከምንም አይገባም፤ የሚያደክመው የዓይንና የአእምሮ ማስተዋሉ ነው፤ ያን ደግሞ ጁል አይለካውም። ክፍያቸው ዝቅተኛ ሆኖ መኖሩ ከዚህ ጋር ሲታይ ፍትሕ የለበትም።

በ1970ዎቹ በመንግሥት ፕሮጀክት የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች በወንዞች ዳር ተስፋፉ። እሸቱ በዚያው በተለቀመበት ቀን መፈልፈያ ውስጥ ይገባል፤ ልጣጩ ይነሣል፤ ፍሬው በገንዳ ተብላልቶ ይታጠባል፤ ከዚያ በአልጋ ላይ ይደርቃል። እዚህ ውሃ ሁለት ሥራ አለው። ያጥባል፤ ደግሞም ቦዩ ተዳፋት ስለሆነ ቡናውን ተሸክሞ ከገንዳ ወደ ገንዳ ያደርሳል። ጣቢያ የሚሠራ ሰው ተዳፋት ቦታ የሚመርጠው ስበት ያለ ክፍያ እንዲሠራለት ነው። ልጣጩና ሙጫው ቀድሞ ተነሥቶ በአልጋው ላይ የሚደርቀው ጥቂት ስለሆነም የፀሐይዋ ሥራ ይቀላል።

ስበት በትልቁ የተቀጠረው ግን በግልገል ግቤ ነው። ኢትዮጵያ ውሃን ወደ ኤሌክትሪክ መለወጥ የጀመረችው በአዲስ አበባ አጠገብ በአቃቂ ወንዝ ነው፤ በ1960 ቆቃ ተከተለ። ግልገል ግቤ የጅማን ደጋ ውሃ ሰብስቦ ወደ ግቤ የሚገባ ወንዝ ነው፤ ግቤም ወደ ታች ኦሞ ይባላል። በ1980ዎቹ የተጀመረው የግልገል ግቤ አንድ ሥራ ተቋርጦ፣ ኋላ ቀጥሎ፣ በ2004 ተጠናቀቀ። ግድቡ 40 ሜትር ያህል ብቻ ከፍታ አለው። ውሃው ግን ከ9 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም ዋሻ ተመርቶ ከግድቡ ከፍታ እጅግ የሚበልጥ ቁልቁለት ይወርድና በመሬት ውስጥ ያሉ ተርባይኖችን ያዞራል፤ የማመንጨት አቅሙም 184 ሜጋ ዋት ሆነ። ሐይቁ የብዙ አባወራዎችን መሬት ውጦ ከቀያቸው አስነሥቷቸዋል፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም በሐይቁ ዙሪያ ያለውን የወባ ሁኔታ አጥንተዋል። ኢነርጂ አይፈጠርም ሲባል ዋጋውም ከአንድ ወገን ይወጣል ማለት ነው፤ የተነሡት ሰዎች ከሒሳቡ ሊወጡ አይገባም።

ግልገል ግቤ ሁለት የፊዚክስ መምህር ሊመኘው የሚችለው ምሳሌ ነው። ትልቅ ግድብ የለውም። ከግልገል ግቤ አንድ የወጣውን ያንኑ ውሃ ተቀብሎ፣ 26 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ዋሻ ተራራ አሳልፎ፣ ወደ ኦሞ ሸለቆ 500 ሜትር ያህል ይጥለዋል። በጥር 2010 ተመረቀ፤ በሳምንታት ውስጥ ከዋሻው ከፊሉ ተደርምሶ ለወራት ቆመ፤ ተጠግኖ በዓመቱ መጨረሻ ሥራ ጀመረ። አቅሙ 420 ሜጋ ዋት ነው። ይህ ቁጥር በደብተር ላይ ሊወጣ ይችላል። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1,000 ኪሎ ነው፤ 500 ሜትር ሲወድቅ 4.9 ሚሊዮን ጁል ይሰጣል። በሴኮንድ 100 ሜትር ኩብ ቢፈስ 490 ሚሊዮን ዋት ይሆናል። ቧንቧው፣ ተርባይኑና ጄነሬተሩ ከዚህ ከመቶ 14 እጅ ቢያባክኑ 420 ሜጋ ዋት ይቀራል። ተርባይን ባይኖርና ውሃው በገደል ቢወርድ ደግሞ ጁል እንዳለው ይሞቅ ነበር፤ 500 ሜትር የወደቀ ውሃ ሙቀቱ የሚጨምረው በአንድ ዲግሪ ከጥቂት ክፍልፋይ ነው። ያቺ በእጅ የማትለይ ሙቀት ናት ከተሞችን የምታበራው።

በዚያው 2010 አጋሮ አጠገብ ዱሮሚና የሚባል የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩ የፍሬውን ሙጫ በውሃ ከማብላላት ይልቅ በማሽን ሰበቃ የሚያነሣ፣ ውሃ የሚቆጥብ መፈልፈያ ተከለ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ቡናው በአፍሪካ የቡና ውድድር አንደኛ ተባለ። ከዚያ በፊት የአካባቢው ቡና በገበያ ዝቅተኛ ደረጃ ይሰጠው እንደነበር ሲታሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ደኑ ያው ነው፤ ዝናቡም ያው። የተለወጠው እሸቱ ሳይበላሽ በጊዜ የሚፈለፈልበት አቅም ነው። አቅም ማለት ሥራ በጊዜ ተካፍሎ ነውና፣ የቡናን ጥራት የሚወስነው ጁሉ ሳይሆን ዋቱ ሆነ።

በ2016 በኦሞ ላይ ግቤ ሦስት ተመረቀ፤ ከ240 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ግድብ፣ 1,870 ሜጋ ዋት አቅም። ሦስቱ ጣቢያዎች በአንድ ተፋሰስ ላይ ናቸው፤ ከጅማ ደጋ የሚነሣ አንድ ጠብታ ውሃ ሦስቱንም አልፎ ሊወርድ ይችላል፤ በየደረጃው እምቅ ኢነርጂውን እያስረከበ።

ሆኖም በጅማ ገጠር ጀበና የሚጣደው አሁንም በአብዛኛው በእንጨት ነው። በግልገል ግቤ ሁለት አንድ ሊትር ውሃ ወድቆ የሚሰጠው 4,900 ጁል ነው። አንድ ሊትር ቡና ለማፍላት 310,000 ጁል ካስፈለገ፣ ምንም ሳይባክን 63 ሊትር መውደቅ አለበት፤ ተርባይኑ፣ ሽቦውና ምድጃው የሚያባክኑት ሲታሰብ ከ100 ሊትር በላይ ይሆናል። ሦስት ጉልቻው ከእንጨቱ አሥር እጅ አንዱን ሲጠቀም፣ "ትክክል" የሚባለው የተሻሻለ ምድጃ ከሩብ በላይ ይጠቀማል፤ እንጀራ የሚጋገርበት "ምርጥ" ምድጃም ከተከፈተ እሳት ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን ወደ ግማሽ ያወርዳል። መቀሸሪያውና መኪናው ዓይን ይስባሉ፤ ለቡናው ጥላ የሆነውን ደን የሚበላው ትልቁ የኢነርጂ ወጪ ግን ማጀት ውስጥ ነው። በአጋሮና በጅማ ትምህርት ቤቶች ስለ ብቃት የሚያስተምር መምህር ከዚህ የተሻለ መነሻ የለውም፤ አንድ ቴርሞሜትር፣ አንድ ሚዛንና አንድ ኪሎ እንጨት ለመለኪያው ይበቃሉ።